ወደ ሰፊው ጎን የሚወረወር ኳስ

ሰበታ ተወለድኩ፣ ቡራዩ ተዳርኩ፣ ሱሉልታ ተቀጠርኩ። አዲስ አበባን ዙሪያዋን ዞርኳት እንጂ ገብቼ አልኖርኩባትም። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሰበታ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ ቡራዩ የዳረኝም ለንግድ ወዳጁ ልጅ ነው። ከገፈርሳ ግድብ በላይ፣ ባሕር ዛፍ መሀል በነበረች ቤት የተወሰኑ ዓመታት ኖርኩ። ልጅ አልወለድኩም። አንድ ማለዳ ባሌ ሣጥኔን አስጭኖ ሰበታ ድረስ ይዞኝ መጣና ከሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለአባቴ «ይኸው ልጅዎ» አለው። ቁጭ እንኳ አላለም።

ከዚያ ወዲያ መጠሪያዬ ፈት ሆነ። ትምህርቴን ካቆምኩበት ቀጠልኩ፣ ለመምህርነት ሠለጠንኩ፣ ሱሉልታ ተመደብኩ። አባቴ ከፊቱ ዞር ማለቴን አልጠላውም። በጃንሆይ ዘመን አንዲት ፈት ለብቻዋ ቤት ተከራይታ ስትኖር ምን እንደሚባል ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ደግሞ ብነግረው አያምነኝም። ሴቶቹ ባሎቻቸውን ይጠብቁብኛል። ወንዶቹ ሚስቶቻቸው ካላዩዋቸው ሰላም ይሉኛል፣ ካዩዋቸው መንገድ ይቀይራሉ። ከሥራ መልስ በሬን ዘግቼ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ፤ እሱ ሲያልቅ ራሴን በራሴ አወራለሁ። ብቸኛ ነበርኩ፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ያከራዩኝ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ሰው ሁሉ ከስማቸው በፊት ኦቦ እያለ ይጠራቸዋል፤ እኔ ስማቸውን ትቼ ኦቦ ብቻ እላቸው ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጆቻቸውም የየራሳቸውን ጎጆ ወጥተዋል። ጠዋት ጠዋት ወደ ከብቶቻቸው ሲሄዱ በራፌ ላይ ቆም ብለው «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ልጄ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

አሜሪካዊው የመጣው የድርቆሽ አጨዳ ሊጀመር ሲል ነው። በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ከመጡት ወጣቶች አንዱ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ጎን ባለች ቆርቆሮ ቤት ብቻውን ገባ። ረጅም ነው፤ አንገቱ በፀሐይ ቀልቶ ተልጧል። አማርኛ ያስተማሩት ሰዎች ባለጌ እንዳይባል ብለው ይመስለኛል፣ ያስያዙት «እርስዎ»ን ብቻ ነው። ለአንደኛ ክፍል ሕፃናት «ቁጭ ይበሉ» ይላል። የኦቦን ውሻ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻው ግን አላሳለፈውም።

ከሻንጣው ጋር አንድ ኳስ ይዞ መጥቶ ነበር። ኳስ ይበለው እንጂ ክብ አይደለም፤ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ አንድ ጎኑ በጠፍር የተሰፋ ቡናማ ቆዳ ነው። ልጆቹ አይተውት ሳቁ። በእግራቸው ሲመቱት ወዳልታሰበበት ይነጥራል፤ በእጅ መያዝ ደግሞ በረኛ ላልሆነ ሰው ጥፋት ነው ብለው ያደጉ ናቸው። በማግስቱ ወደ ጨርቅ ኳሳቸው ተመለሱ። ከወንዶቹ መምህራን አንዱ ኮቱን አውልቆ ልቅለብ ብሎ ጣቱ ተቀጨና በፋሻ ታስሮ ሰነበተ። ከእሱ በኋላ የደፈረ የለም።

ስለዚህ ብቻውን ይጫወት ጀመር። በመስኮቴ አየዋለሁ። ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ጥርግ ብሏል፤ ድርቆሹ እዚህም እዚያም ተከምሯል። ከሜዳው ዳር ካለው ጥድ ሥር ይቆምና ወደ አንዱ ክምር ይወረውራል። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ ያነሳዋል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይወረውራል። የራሴን ብቸኝነት ለምጄዋለሁ፤ የሌላ ሰው ሲሆን ግን ማየት አቃተኝ። መስኮቱን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኳሱ ከክምሩ ላይ ነጥሮ እግሬ ሥር መጣ። አነሳሁትና ልሰጠው ወደ እሱ መሄድ ጀመርኩ። «አይ፣ አይምጡ፤ ይወርውሩት» ብሎ ከሩቅ ተጣራ። ግራ ገባኝ። እኛ ዘንድ ለሰው ዕቃ ይሰጣል፣ ያውም በሁለት እጅ፤ የሚወረወረው ለውሻ ነው። ባሌ እንኳ ሲመልሰኝ እጄን ይዞ ነው ያስረከበኝ። ቢሆንም ወረወርኩት። ተጣሞ ሄዶ ቦይ ውስጥ ወደቀ። እሱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ሱሉልታ ትንሽ ናት፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኦቦ ዘንድ ደረሰ። ማታ ጠሩኝና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ፈረንጁ ኳስ የሚቀልብለት ሰው እንዳጣ፣ እኔም ብቀልብለት እንደማልጠላ ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየነካኩ ጥቂት አሰቡ።

«ቤት ውስጥ አይሆንም» አሉ። «ግቢ ውስጥም አይሆንም። ሜዳ ላይ ይሁን፣ ሁሉ ሰው ያያችኋል። እሱ ጥዱ ጋ ይቁም፣ አንቺ ድርቆሹ ጋ። ሜዳው በመካከላችሁ ካለ ማን ምን ይላል? ሰው የሚታማው ሲጠጋጋ ነው።»

ሕጋችን ይህ ሆነ። ፈረንጁ በኋላ እንደነገረኝ ይህ ጨዋታ ባለበት አገር የቅርብ ኳስ ቀላል ነው፣ ማንም ይወረውረዋል። ሱሉልታ ውስጥ ግን የቅርቡ ነበር የማይቻለው። እሱ ከጥዱ፣ እኔ ከድርቆሹ፤ በዚያ ርቀት ካልሆነ ከአንድ ወንድ ጋር ለመሳቅ መብት አልነበረኝም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ በሸራ ጫማ፣ ቀሚሴን በአንድ እጅ ሰብስቤ እሮጥ ነበር። የሚያዩኝ ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ዕብደት ከሐሜት ይሻላል ብዬ ቻልኩት።

ወሬያችን ደግሞ መንገድ ላይ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እሱ በአስፋልቱ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ እንሄዳለን፤ እየጮኸ ያስረዳኛል። የጎጃም መኪና በመሀል ሲያልፍ ዓረፍተ ነገሩ ይቆረጣል። መኪናው ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ አኳኋን ነው በአገሩ ኮሌጅ ሲማር ይጫወተው ስለነበረው ጨዋታ የተማርኩት። ቡድኑ ውስጥ ኳስ የሚወረውረው አንድ ሰው ነው፤ ኳርተርባክ ይሉታል። እሱ ሁለተኛው ነበር፣ ዋናው ቢጎዳ ተብሎ የሚቀመጥ።

የትኛው ውርወራ እንደሚከብድ ጠየቅሁት። በጣም ሩቁ መስሎኝ ነበር።

«ሩቁን ሰው ያጨበጭብለታል» አለ። «ግን ያን ያህል አይከብድም። ወደ ላይ ይወረውሩታል፣ ኳሱን የሚቀበለው ሯጭ ከሥሩ ይደርስበታል። ወደ ግራ እየሮጡ በቀኝ እጅ መወርወር ይከብዳል፤ ሰውነት ወዲህ፣ ክንድ ወዲያ። ከአንዱ ጠላት ራስ በላይ አልፎ ከሌላው ጠላት ፊት የሚወድቅም ይከብዳል። ጉልበት አይፈልግም፣ ልስላሴ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተራ የሚመስለው ነው።»

ተራ የሚመስለው እንዲህ ነው። ተቀባዩ ቀጥ ብሎ ይሮጣል፤ በድንገት ወደ ሜዳው ጠርዝ ይታጠፋል፤ ኳሱ እዚያ ጠርዝ ላይ ይገናኘዋል። ለሚያይ ሰው ጥቂት እልፍ ማለት ነው። በኮሌጅ ጨዋታ ግን ኳሱ ሁልጊዜ ከሜዳው መሀል አይነሳም፤ ኳሱን ይዞ የነበረው ሰው ወደ አንዱ ጠርዝ ተጠግቶ ከወደቀ ወደዚያው ጎን ጠጋ ተብሎ ይጀመራል። ስለዚህ አንዱ ጎን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ይሆናል። ወደ ሰፊው ጎን የተወረወረ ኳስ ወደፊት የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ የሚያቋርጠው ግን ሜዳውን በሙሉ ነው። አየር ላይ ይቆያል። ጠላት ያየዋል፣ ያስባል፣ ይደርስበታል። ከነጠቀው ደግሞ ከፊቱ የሚያስቆመው ሰው የለም።

«ታዲያ ምን ይደረጋል?» አልኩት።

«ተቀባዩ ሳይታጠፍ ይወረወራል። ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ሳለ። ሰው ወደሌለበት ቦታ።»

«ሰውየው ባይታጠፍስ?»

«ይታጠፋል።»

«በምን ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለኝ። «የከበደው ለዚህ ነው።»

ዋናው ወርዋሪ የተጎዳ ቀን እሱን አስገቡት። ተቀባዩ ጥሩ ሮጠ፣ ጥሩ ታጠፈ። እሱ ግን መታጠፉን በዓይኑ እስኪያይ ጠበቀ። እርግጠኛ መሆን ፈለገ። ኳሱ ሰፊውን ጎን ሲያቋርጥ ጠላት ቀድሞ ደረሰና ወሰደው፤ በዚያው ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ አላስገባውም። ይህን ሲነግረኝ አልጮኸም፤ ማዶ ለማዶ ሆነን ግማሹን ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። እዚያ ያቃተውን እዚህ፣ ማንም በማያውቅበት የድርቆሽ ሜዳ ላይ፣ ሊማረው ፈልጓል። እኔ ደግሞ የሚያስፈልገው ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ለማንም አስፈልጌ አላውቅም ነበርና ከድካሙ ይልቅ ደስታው አሯሯጠኝ።

መጀመሪያ አካባቢ እየሮጥኩ ዞር ብዬ አየው ነበር። «አይዩኝ፣ ይሩጡ» ይላል። አላምነውም። ዞር ስል ፍጥነቴ ይቀንሳል፣ ኳሱ አልፎኝ ይሄዳል። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደሆነ እንጃ። ከዕለታት አንድ ቀን ከድርቆሹ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ሮጥኩ፣ ቦዩ ጋ ስደርስ ወደ መንገዱ ታጠፍኩ፣ ቀና ስል ኳሱ ደርሷል። ደረቴን መታኝ፤ አቀፍኩት። አመመኝ፤ ግን አልለቀቅሁትም። በዕድሜዬ ከእኔ ቀድሞ የሚጠብቀኝ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አባቴም ባሌም መጀመሪያ አቁመው አይተው፣ መዝነው፣ ከዚያ ነው የወሰኑብኝ። ይህ ሰው ጀርባዬን እያየ እደርሳለሁ ብሎ አመነ። ድርቆሹ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱ ከጥዱ ሥር ሆኖ «ተጎዱ?» እያለ ይጣራል፤ መቅረብ ስለማይችል እዚያው ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ተካንንበት፣ አንድ ችግር ሲቀር። ሜዳውን የሚያቋርጥ የእግር መንገድ አለ፤ ማታ ማታ ገበሬዎች ከገበያ የሚመለሱበት። አንድ ቀን ሮጬ ስታጠፍ በበቅሎ የሚመጡ ሽማግሌ ፊት ለፊት ገጠሙኝ። ቆምኩ። ነጠላዬን ከወገቤ ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ እጅ ነሳሁ። «ነጋ ጅርቱ?» አልኳቸው። ደኅና ነሽ ወይ አሉኝ። ከብቶቹስ፣ ልጆቹስ፣ ዝናቡስ፣ እህሉስ ተባባልን። በዚህ መሀል ኳሱ ጆሮዬ ሥር አልፎ ከኋላቸው ይመጣ የነበረውን አህያ ጭነት መታው። አህያው ደነበረ፤ ባለቤቱ ሰማዩን አየ።

አሜሪካዊው ያን ዕለት አስፋልቱን ማዶ ለማዶ ይዘን ስንሄድ «በጨዋታ ላይ ተቀባይ ቆሞ ስለ ሰው ከብት ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

«ሽማግሌ እያለፉ እኔ ልሩጥ?» አልኩት።

«እኔ አልቆጣም» አለ። «ግን ኳሱ አያውቅም።»

ከዚያ ወዲህ ከመወርወሩ በፊት የእግር መንገዱን ያይ ጀመር። ሽማግሌ ካለ ይጠብቃል። በኋላ በኋላ ራሱ ከጥዱ ሥር ሆኖ «ነጋ ጅርቱ» እያለ መጣራት ለመደ፤ ሰዎቹም በቅሏቸውን አቁመው ይመልሱለት ነበር። ሰላምታዬ እስኪያልቅ ኳሱን ክንዱ ሥር ሸጉጦ ሲቆም አየዋለሁ። ስለ እኔ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ስለ እሱ የማውቀው ትከሻው ሲዞር ኳሱ መቼ ከእጁ እንደሚወጣ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ረግረግ ይሆናል፣ ጨዋታ የለም። እሱ በቆርቆሮ ቤቱ፣ እኔ በጭቃ ቤቴ ተቀምጠን ዝናብ እንሰማለን። ያ ክረምት ከሁሉም ክረምት ረዘመብኝ። ድሮ ብቸኝነቴ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም፤ አሁን የሣሩን ማደግ፣ የሣሩን መታጨድ ይጠብቃል። ኦቦ ዝናቡ እንዳያልፍ ጣራዬን ሊያበጁ ሲመጡ መስኮቱን አይተው «ሣሩ ገና ነው» ይሉኛል፣ ሳልጠይቃቸው።

በሁለተኛው ዓመት የበጋው ማብቂያ ላይ ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ወላጆች እንደሚያወሩ፣ ወሬው የበላዮች ጋ ከደረሰ ሥራዬን ላጣ እንደምችል ነገረኝ። «አንቺ መምህርት ነሽ። ያውም ያለሽበት ሁኔታ አለ» አለ። ሁኔታ ያለው ፈትነቴን ነው። ኦቦ ሄደው «እኔ አይቻቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ ሜዳው በመካከላቸው ነው» ብለው መሰከሩልኝ። ዳይሬክተሩ አከበራቸው፣ ወንበር ሰጣቸው፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። ጨዋታው ቆመ። ሜዳው ባዶውን ቀረ፤ እኔም ከመስኮቴ ራቅሁ።

የእሱም ሁለት ዓመት አለቀ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ዕቃውን ጭኖ አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት፣ ለመጨረሻ ጊዜ በአስፋልቱ ማዶ ለማዶ ሄድን።

«አንድ ዓመት መጨመር እችላለሁ» አለኝ። «እርስዎ ካልፈለጉ ግን መቆየቴ ለእርስዎ ሐሜት ብቻ ነው። አሁን አይመልሱልኝ፤ አሁን ዳይሬክተሩን ይፈራሉ። እሑድ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ በሚያሻግረው ዳገት አናት ላይ፣ አውቶቡሶች ሞተር የሚያበርዱበት ሻይ ቤት እቆያለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጓደኞቼን የያዘ መኪና መጥቶ ወደ አውሮፕላን ይወስደናል። ከመጡ አብሯቸው ለሚመጣው ኃላፊያችን እቀራለሁ እለዋለሁ።»

«ባልመጣስ?»

«ይመጣሉ» አለ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። አንድ የጭነት መኪና በመካከላችን አለፈ፤ አልፎ ሲያበቃ እሱ እጁን አውለብልቦ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ለኦቦ ነገርኳቸው። ሥራዬን ብይዝም ባጣም፣ እንዲቀር እንደምፈልግ በግልጽ ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ሂጂ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። «ዕድሜ ልክ ሜዳ አቋርጦ አይወራም።»

እሑድ ማልጄ ተነሳሁ። ያጠብኩትን ነጠላ ለብሼ የጠዋቱን አውቶቡስ ለመያዝ ወደ አስፋልቱ ስወጣ ጊዜ ተርፎኝ ነበር። መገንጠያው ላይ አስከሬን የያዙ ሰዎች መጡ። ወግ ነውና ቆምኩ፣ የያዝኩትን አስቀመጥኩ፤ ጥቂት ሸኝቼ ልመለስ ብዬ ከኋላ ተከተልኩ። ያኔ ነው ሰዎቹ ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ ያየሁት። ቃሬዛውን የተሸከሙት ብቻ ነበሩ፣ አንድ ቄስ ከፊት። አልቃሽ የለም። አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም።

«ማን ናቸው?» ብዬ የኋለኛውን ሸካሚ ጠየቅሁት።

«አንዲት ባልቴት» አለኝ። «ሰው የላትም። ለብቻዋ ነበር የምትኖረው። በሩ ሳይከፈት ሲውል ነው ያወቅን።»

ጥቂት ሸኝቶ መመለስ ይፈቀዳል። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም ነይ አላለኝም። ግን አንዲት ሴት ሳታለቅስላት አፈር ልትገባ ነው። እግሬ አልታጠፍ አለ። ዛሬ ትቻት ብሄድ እኔንም እንዲሁ ጥለውኝ የሚያልፉ መሰለኝ። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ስሟን ለማላውቃት ሴት እያለቀስኩ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሆኜ ሰማሁት። ያኔ ያለቀስኩት ለእሷ ነው ብል እዋሻለሁ። ሸካሚዎቹ ሲመለሱ አንዱ «ገለቶሚ» አለኝ፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ድርቆሽ የጫነ መኪና ለምኜ ተሳፈርኩ። ዳገቱን ሲወጣ የሚሄድ አይመስልም፤ በእግሬ ብወርድ የምቀድመው መሰለኝ። አናቱ ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። ሻይ ቤቱ ሸራ የተወጠረበት አግዳሚ ወንበር ነው። እሱ አልነበረም። ባለ ሻይዋ፣ ጎልማሳ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«የሱሉልታዋ መምህርት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ተቀመጪ» አለች። «ፈረንጁ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነበር። መኪናው ሲመጣ አላስነሳም አላቸው፤ ጓደኞቹ ተቆጡት፣ ሾፌሩም ጮኸበት። በጣም አቆያቸው። ኋላ ይህን ሰጠኝ። ለእሳቸው ይስጡልኝ፣ ይመጣሉ አለኝ። የታለች ታዲያ ስለው፣ መንገድ ላይ ሰው ሰላም እያሉ ይሆናል፤ ሰላምታቸው ረጅም ነው አለኝ። እርስዎ እያለ ነው የሚያወራው፤ የምን ትልቅ እመቤት ናት ብዬ ነበር።»

ከአግዳሚው ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኳት። ሳልፈታው ቅርጹን አወቅሁት። እዚያ ከመድረሴ በፊት እዚያ ተቀምጦ ጠብቆኛል። ያን ከባዱን ውርወራ በመጨረሻ ተምሮታል፤ ዘግይቼ የታጠፍኩት እኔ ነኝ።

ሻይ ቀዳችልኝ። «ምን ይሠራል?» አለች ኳሱን እያየች።

«ይወረወራል» አልኳት።

«ለማን?»

ሻዬን ጠጣሁና የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዤ ተመለስኩ። ኦቦ በራፌ ላይ ቆመው ነበር፤ ብቻዬን መሆኔን አዩ። መስከረም ላይ ዳይሬክተሩ ወደ ተጂ አዛወረኝ፣ ከሰበታ ወዲያ። ፈረንጁ ጽፎልኝ እንደሆነም አላውቅም፤ የጻፈው ቢኖር አልተከተለኝም።

ኳሱ ዛሬም አለኝ። አየሩ ቀስ በቀስ ወጥቶ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። የእህት ልጆቼ አንዳንዴ ያወጡትና ወደ ሜዳ ይዘሽ ውጪ ይሉኛል። አልወጣም። ብቻውን የሚወረውር ሰው ወርውሮ፣ ሄዶ፣ አንስቶ መመለስ አለበት፤ ያንን በመስኮቴ አይቼዋለሁ።